ለሥራ ምዝገባ ከመሳፈራችሁ በፊት፦ በጀቱን፣ ዲግሪውንና መንገዱን እንዴት ማስላት ይቻላል

የምሠራው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ የበጀት ባለሙያ ነኝ። የሰው ሀብት ክፍሉ ከቢሯችን ፊት ለፊት ስለሆነ የቅጥር ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ኮሪደሩ በተመራቂዎች ሲሞላ አያለሁ። ከጂንካ የመጣ አለ። ከመቱ የመጣች አለች። ከደባርቅ፣ ከነገሌ፣ ከአሶሳ የመጡም አሉ። የፕላስቲክ ፋይላቸውን ይዘው ሲቆሙ አንጀቴን ይበሉታል። ከመካከላቸው ገና ከቤታቸው ሳይነሱ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ማለት ይችሉ የነበሩ ብዙ ናቸው። የሚነግራቸው ሰው ስላላገኙ ብቻ ለትራንስፖርት ተበድረው ይመጣሉ።

ታናሽ ወንድሜ ያለው ጅማ ነው። በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ሥራ እየፈለገ ነው። ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ስክሪንሾት አድርጎ በቴሌግራም ይልክልኛል። «እትዬ፣ ልምጣ?» ይላል። መልስ ከመስጠቴ በፊት የማያቸውን ነገሮች ነው እዚህ የምጽፈው። የሥራ መደቡ በጀት አለው ወይ? ዲግሪው እዚያ ቦታ ላይ ስንት ያወጣል? ደርሶ መልሱስ ስንት ይበላል? እነዚህን አንድ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ካያችሁ መሄድ አለመሄዱን መወሰን አያስቸግርም።

መጀመሪያ በጀቱን እዩ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያበቃል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ለሥራ ፈላጊ ምን ማለት እንደሆነ ግን የሚያስብበት ጥቂት ነው። የመሥሪያ ቤቶች የሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚዘጋጀው ገና በበጋው ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ጥሪ ያደርጋል፣ የወጪ ጣሪያውን ያሳውቃል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ደግሞ «ይህን ያህል ክፍት መደብ አለኝ፣ ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉን እቀጥራለሁ» ብሎ ያቀርባል። ክርክር አለው፣ ቅነሳ አለው። ረቂቁ በሚኒስትሮች ምክር ቤት በኩል ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጸድቀው ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው።

ክልሎች ከዚያ ይቀጥላሉ። ከፌዴራል የሚመጣላቸው ድጎማ የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ባወጣው ቀመር ነው። በዚያ ላይ የራሳቸውን ገቢ ደምረው በክልል ምክር ቤት ያጸድቃሉ፤ ከዚያ ዞን፣ ከዚያ ወረዳ። የወረዳ በጀት መሬት እስኪነካ ነሐሴም ሊገባ ይችላል። ወረዳ ላይ ደግሞ የበጀቱ አብዛኛው ክፍል ደመወዝ ነው። ስለዚህ «ወረዳችን አዲስ ሰው ይቀጥራል» የሚል ወሬ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከሰማችሁ በቀስታ ያዙት። ገና የጸደቀ ነገር ላይኖር ይችላል።

በእኔ ልምድ ለቋሚ ቅጥር የሚያዋጣው ጊዜ ከነሐሴ እስከ ጥር ነው። ገንዘቡ ተፈቅዷል፣ ዓመቱ ገና ነው፣ ኃላፊውም ክፍት መደቦቹን መሙላት ይፈልጋል። ለጉዞ የምትቆጥቡት ገንዘብ ካለ ለእነዚህ ወራት አቆዩት። ከሚያዝያ በኋላ ነገሩ ይቀዘቅዛል። ለደመወዝ ተይዞ የተረፈ ገንዘብ ወደ ሌላ ፍላጎት እንዲዛወር ጥያቄ የሚበዛበት ወቅት ነው። ሰኔ ላይ ደግሞ ፋይናንስ ክፍል ሒሳብ ለመዝጋት ስለሚራወጥ ለቅጥር ጊዜ ያለው ሰው አታገኙም። ሰኔ ላይ የቋሚ ቅጥር ማስታወቂያ ካያችሁ አንድ ጥያቄ አለ፤ በጀቱ የዘንድሮ ነው ወይስ የመጪው ዓመት?

ከዚህ የወጣ ነገርም አለ። በ2017 ዓ.ም. በመጀመሪያ የጸደቀው የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ኅዳር ላይ ግን 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። ተጨማሪ በጀት ሲመጣ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች በዓመቱ መሀል ሊቀጥሩ ይችላሉ። ዜናውን ስትሰሙ ግን ጠቅላላ ቁጥሩን ብቻ አትዩ። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው፤ ከ2017ቱ የመጀመሪያ በጀት ጋር ሲተያይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሥራ ግን እጥፍ አልሆነም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር አቅም ወርዷል። ዕዳ መክፈያው፣ ድጎማው፣ የነባር ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪው ሁሉ ከዚሁ ቋት ነው የሚወጣው። ተመራቂ ሆኜ ብሆን የማየው ትልቁን ቁጥር ሳይሆን ልወዳደርበት ያሰብኩት መሥሪያ ቤት ስንት ክፍት መደብ እንዳለው ነው።

በበጀት መጽሐፋችን ለቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ የሚያዘው ገንዘብ የሒሳብ መደቡ (የወጪው መለያ ቁጥር) 6111 ነው። የኮንትራት ሠራተኛ ሲሆን 6113 ነው። ቁጥሩን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። ሁለቱ የተለያየ ገንዘብ መሆናቸውን ግን እወቁ። ማስታወቂያው «የቅጥር ሁኔታ፦ በኮንትራት» ካለ ውሉ ብዙ ጊዜ ከበጀት ዓመቱ ጋር ያልቃል። ይታደስ ይሆናል፣ ላይታደስም ይችላል። ለዚህ ብሎ ከሩቅ ከተማ ቤት ለቅቆ መምጣት ሌላ ሒሳብ ይጠይቃል። በፕሮጀክት የሚቀጠር ደግሞ የፕሮጀክቱ ዕድሜ ስንት እንደቀረው መጠየቅ አለበት። ሦስት ዓመት የተባለ ፕሮጀክት ሁለት ዓመት ተኩል ከሄደ የቀራችሁ ስድስት ወር ነው።

ስለዚህ ደውሉ። በማስታወቂያው ግርጌ የቢሮ ስልክ አለ። ቢጠራና ባይነሳ እንኳን ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ይነሳል። እንዲህ በሉ፦ «እባክዎ፣ መደቡ በጀት ተይዞለታል? በለቀቀ ሠራተኛ ምትክ ነው ወይስ አዲስ መደብ ነው?» ይህን ጥያቄ ለሚጠይቅ ሰው በቁም ነገር ይመለስለታል። በለቀቀ ሠራተኛ ምትክ ከሆነ ገንዘቡ ትናንትም ሲከፈል የነበረ ስለሆነ ተስፋው ይሻላል። ወጪ ቆጥቡ የሚል መመሪያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆመው አዲሱ መደብ ነው።

ማስታወቂያውን መስመር በመስመር አንብቡ

የመንግሥት ማስታወቂያ ረጅም አይደለም፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ሥራ አለው። አዲስ ዘመን ላይም ይውጣ አራት ኪሎ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ይዘቱ ተመሳሳይ ነው። የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ የመደብ መታወቂያ ቁጥር፣ ደረጃ፣ ደመወዝ፣ ተፈላጊ የትምህርት ዝግጅትና ልምድ፣ ብዛት፣ የቅጥር ሁኔታ፣ የሥራ ቦታ።

የመደብ መታወቂያ ቁጥር ካለው መደቡ በመዋቅሩ ውስጥ ያለ ነው ማለት ነው። ጥሩ ምልክት ነው። «የሥራ ቦታ» የሚለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ምዝገባው አዲስ አበባ ሆኖ ሥራው ሞያሌ ወይም መተማ ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ኑሮ ፈጽሞ አይገናኝም።

«ብዛት 1» እና «ብዛት 40» እኩል አይደሉም። አንድ ሰው ለሚፈለግበት አካውንታንት መደብ ስንቱ እንደሚሰለፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ሲቪል ምህንድስና፣ አካውንቲንግና ማኔጅመንት የተማራችሁ ይህን አስቡበት፤ ተመራቂው በጣም ብዙ ነው። ለወንድሜ ከጅማ ድረስ ና የምለው ብዛቱ ከአንድ በላይ ሲሆን፣ ወይም መደቡ የእሱን ትምህርት ለይቶ ሲጠይቅ ነው። አለበለዚያ እዚያው በኦንላይን ወይም በተወካይ የሚመዘገብበትን ይሞክራል።

የትምህርት ዘርፉን ስታነቡ ቴምፖው (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃው) ላይ ካለው ስም ጋር ቃል በቃል አስተያዩ። «ኢኮኖሚክስ» ተብሎ የተጠየቀበት ቦታ ላይ «አግሪካልቸራል ኢኮኖሚክስ» ይዞ መሄድ ክርክር ያስነሳል። «ወይም ተዛማጅ የትምህርት ዘርፍ» የሚል ካለ የትኞቹ እንደሚካተቱ በስልክ አጣሩ። መዝጋቢዋ መስኮት ላይ ሆና በራሷ ሥልጣን መወሰን አትችልም፤ የተሰጣት ዝርዝር አለ።

ቀኑንም ቁጠሩ። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ሲባል ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም። የቴሌግራም ቻናሎች ማስታወቂያ ከወጣ ከሳምንት በኋላም ስለሚያጋሩት መጀመሪያ የወጣበትን ቀን ፈልጉ።

አሁን ወደ ልምድ። ዜሮ ዓመት የሚል ካልሆነ ልምዱ የሚቆጠረው በአብዛኛው ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። ከግል ድርጅት የሚመጣ የልምድ ደብዳቤ ደግሞ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ይህን እባካችሁ አስምሩበት። አንዲት ልጅ በአንድ የግል ድርጅት ሁለት ዓመት ሠርታ ደብዳቤዋን ይዛ መጣች። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ደመወዝም ተጽፏል። ግብር ስለመከፈሉ ግን አንድ መስመር የለም። ስትጠይቃቸው ለካ ቀጣሪዎቿ ከደመወዟ እየቆረጡ ለገቢዎች አላስገቡም ነበር። ሁለቱ ዓመት ሳይቆጠርላት ቀረ። ኮሪደሩ ላይ ስታለቅስ አጽናንቻታለሁ፣ ግን ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም። ትንሽ ደመወዝ ባለበት ሥራ ስትጀምሩም ቢሆን በመጀመሪያው ወር ግብሬና ጡረታዬ ገብቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ስትለቁ ሳይሆን ስትጀምሩ።

ዲግሪው ስንት ያወጣል

በመንግሥት ቤት ደመወዝ የሚከፈለው ለሥራ መደቡ ነው። ሥራው ይመዘናል፣ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ደረጃው ደመወዙን ይወስናል። ሁለተኛ ዲግሪ ኖሯችሁ የመጀመሪያ ዲግሪ በሚጠይቅ መደብ ላይ ብትቀጠሩ የምትወስዱት የመደቡን ደመወዝ ነው። ስለዚህ «ማስተርሴን ልያዝና ከዚያ ልቀጠር» ለሚሉኝ ልጆች የምመልሰው አንድ ነው፦ መጀመሪያ ማስተርስ የሚጠይቁ መደቦችን ሰብስባችሁ ስንት ዓመት ልምድ እንደሚፈልጉ እዩ። አብዛኞቹ ልምድ ይፈልጋሉ። ልምድ ሳይኖር የመጣ ማስተርስ ለጊዜው ይቀመጣል። መምህርነት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለምትፈልጉ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ዲግሪው ራሱ መግቢያ በር ነው።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ትንሹ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ትልቁ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ሆኗል። ልጆቹ 11,500 ብለው ሲያስቡ ደስ ይላቸዋል። እጅ ላይ የሚደርሰውን አብረን እንሥራ።

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 ከመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 ከመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 ከመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ 35 ከመቶ ነው። ለ11,500 ብር ስናሰላው 300፣ ሲደመር 600፣ ሲደመር 750፣ ሲደመር 450፤ በጠቅላላ 2,100 ብር ግብር። ጡረታ 7 ከመቶ፣ ማለትም 805 ብር። የሚቀረው 8,595 ብር ነው። መንግሥት በበኩሉ 11 ከመቶ ለጡረታችሁ ይጨምራል፤ ያ ግን ዛሬ ኪሳችሁ አይገባም።

የወጪ መጋራት (የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪ) ዕዳ አለባችሁ? በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ አብዛኞቻችሁ አለባችሁ። ከወር ገቢ ቢያንስ 10 ከመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። 1,150 ብር ከተቀነሰ 7,445 ብር ይቀራል። ቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርትና ምግብ የሚከፈለው ከዚህ ነው። ዕዳው ተከፍሎ ሳያልቅ ዋናው ዲግሪ አይወጣም፤ እስከዚያ የምትንቀሳቀሱት በቴምፖው ነው። ስለዚህ ቴምፖውን ላሚኔት አታስደርጉ፣ አታጥፉት፣ ስካን አድርጋችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቃችሁ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ አምጥታችሁ ማለፋችሁን የሚያሳየውን ውጤት ከማስረጃዎቻችሁ ጋር አያይዙት።

የግል ድርጅት ሥራ ከመንግሥት ሥራ ጋር ስታወዳድሩ ሁለቱንም ወደ ተጣራ ደመወዝ ቀይሯቸው። አንዱ 11,500 ሌላው 13,000 ቢሆን ልዩነቱ 1,500 አይደለም። የ13,000 ግብር 2,550 ነው፣ ጡረታው 910 ነው፤ እጅ ላይ 9,540 ይቀራል። ልዩነቱ 945 ብር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ በመታወቂያው በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ያለ ክፍያ ይሳፈራል። ከቤታችሁ እስከ ግል ድርጅቱ በቀን አራት ታክሲ የምትይዙ ከሆነ ያ 945 ብር ወሩ ሳያልቅ ታክሲ ላይ ያልቃል።

ያደጋችሁበት ከተማ ላይ ተመሳሳይ መደብ ካለ በጣም አስቡበት። ወላጆች ቤት እየኖሩ 8,595 ብር ማግኘትና አዲስ አበባ ክፍል ተከራይቶ 8,595 ብር ማግኘት አንድ አይደለም። አዲስ አበባ መሆን ብቻውን እድገት የሚመስላቸው ልጆች አሉ። እኔ አይመስለኝም። ወረዳ ላይ ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ ግብር የተከፈለበት ልምድ ይዞ የመጣ ሰው ከዜሮ ዓመት ሰልፍ ይወጣል።

መንገዱ ስንት ይበላል

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጊቤን ተሻግሮ፣ ወልቂጤ ምሳ በልቶ፣ በወሊሶ አልፎ አየር ጤና መናኸሪያ ሲደረስ ቀኑ ሄዷል። በዚያ ቀን ቢሮ መድረስ የለም። ስለዚህ አንድ ምዝገባ ማለት ቢያንስ ሁለት አዳር ነው፤ የገባችሁበት ቀንና የተመዘገባችሁበት ቀን። አዳሩን ሳይቆጥሩ ትኬቱን ብቻ ይዘው የሚመጡ ልጆች ናቸው መጨረሻ ላይ ዘመድ ቤት እየደወሉ የሚጨነቁት።

የትራንስፖርት ዋጋም ከበጀቱ ጋር የተያያዘ ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ እያነሳ የታለመ ድጎማ ወደሚባለው አሠራር ገብቷል። ነዳጅ በተከለሰ ቁጥር ታሪፉም ይከለሳል። አምና ከጓደኛችሁ የሰማችሁትን ዋጋ አትያዙ፤ ለመሄድ ባሰባችሁበት ሳምንት መናኸሪያ ሄዳችሁ የተለጠፈውን ታሪፍ እዩ። ለበዓል ሰሞን፣ በተለይ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ፣ እንዲሁም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ በሚጠሩበት ጊዜ ወንበር ይጠፋል፤ ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅም ይበዛል። የምዝገባው ቀን ከነዚህ ጋር ከተጋጨ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሂዱ።

ሒሳቡን እንዲህ ሥሩ። ደርሶ መልስ ትኬት፣ የከተማ ውስጥ ታክሲ፣ ሁለት አዳር አልጋ (ዘመድ ካለ ይቀነሳል፣ ግን ባዶ እጅ አይገባም)፣ የሦስት ቀን ምግብ፣ ኮፒና ፎቶ። እንበልና በጠቅላላ 3,000 ብር መጣ። ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠይቁ፦ ስንት ጊዜ ነው የምመላለሰው? ለምዝገባ አንድ። ለጽሑፍ ፈተና አንድ። ለቃለ መጠይቅ አንድ። ሦስት ጉዞ 9,000 ብር ነው። የመጀመሪያ ወር የተጣራ ደመወዛችሁ 8,595 ነበር። ይህን ወንድሜ ራሱ በስልኩ ካሰላው በኋላ ማስታወቂያ መምረጥ ጀምሯል።

መመላለሱን መቀነሻ መንገዶች አሉ። ምዝገባ በተወካይ ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ቤት የቤተሰብ ወይም የጓደኛ ውክልና ይቀበላል፣ አንዳንዱ በኢሜይል ወይም በኦንላይን ይመዘግባል። ፈተናውና ቃለ መጠይቁ በምን ያህል ቀን ልዩነት እንደሚሰጥ ጠይቁ፤ ተቀራራቢ ከሆነ አንድ ጊዜ መጥቶ መቆየት ይረክሳል። ሁለት ሦስት መሥሪያ ቤቶች በተመሳሳይ ሳምንት ማስታወቂያ ካወጡ አንድ ላይ አድርጓቸው። ከአንድ ትምህርት ክፍል የተመረቃችሁ ልጆች አልጋ ተጋርታችሁ ኑ፤ ፉክክሩ ፈተናው ላይ ይሁን።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ፋይላችሁን ክፈቱ። ዋናውና ኮፒው ሲባል ሁለቱም ናቸው፤ ዋናውን አይተው ይመልሱላችኋል፣ ኮፒውን ያስቀራሉ። ቴምፖ ወይም ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ ልምድ ካለ ልምዱ ከነግብር ማረጋገጫው። የእያንዳንዱን ሦስት ሦስት ኮፒ እዚያው ከተማችሁ አንሱ። ቢሮ በር ላይ ያለ ኮፒ ቤት ሰልፉም ዋጋውም ሌላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ዋስ። ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል ወይም ባንክ ቤት ከተወዳደራችሁ ስታልፉ ተያዥ አምጡ ትባላላችሁ። ተያዡ ደመወዝ ያለው፣ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው መሆን አለበት። አዲስ አበባ ሰው ለሌላችሁ ይህ ከፈተናው ይከብዳል። አልፈው፣ ዋስ አጥተው የቀሩ ልጆች አይቻለሁ። ስለዚህ ስትመዘገቡ ዋስ ይጠየቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁና ከዚያው ቀን ጀምሮ ሰው ፈልጉ፤ የአጎት ልጅ፣ የሰፈር ሰው፣ የድሮ አስተማሪ። ደግሞም ሰውየው ፊርማው ምን እንደሚያስከትልበት በግልጽ ንገሩት።

አበልን ደመወዝ ውስጥ አትደምሩ

«ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም መስክ አለው ይባላል» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ተጠንቀቁ። የውሎ አበል የሒሳብ መደቡ 6231 ነው፣ ትራንስፖርት 6232 ነው፣ ነዳጅ 6217 ነው። በጀት ሲጠብብ መጀመሪያ የሚነኩት እነዚህ ናቸው፤ ደመወዝ አይነካም። አንዳንድ ክፍል ጥር ላይ የዓመት አበሉን ጨርሶ እስከ ሰኔ መስክ አይወጣም። ስለዚህ አበልን ለቤት ኪራይ እቅድ ውስጥ አታስገቡት።

ግን ስትቀጠሩ መስክ መውጣታችሁ አይቀርም፣ እና ማወራረዱን (ለመስክ የወሰዳችሁትን ገንዘብ በማስረጃ መዝጋቱን) የሚያስተምር የለም። የቀን አበል በአራት ይከፈላል፤ ቁርስ 10 ከመቶ፣ ምሳ 25፣ እራት 25፣ አልጋ 40። የቀን አበላችሁ 1,000 ብር ቢሆን ከምሳ በኋላ ወጥታችሁ በነጋታው ቁርስ በልታችሁ ብትመለሱ የሚታሰበው እራት 250፣ አልጋ 400፣ ቁርስ 100 ነው፤ 750 ብር። ቅጹ ላይ የተነሣችሁበትና የደረሳችሁበት ሰዓት የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ሰዓቱን ባዶ ትቶ የሚመጣ አዲስ ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ሒሳብ ክፍል ይመልሰዋል። ተጋባዥ ሆናችሁ ምሳ አዘጋጁ ካቀረበ የምሳው ድርሻ ይቀነሳል።

ከመውጣታችሁ በፊት የጉዞ ትእዛዙ ተፈርሞ እጃችሁ ይግባ። የሄዳችሁበት መሥሪያ ቤት ቅጹ ላይ ማኅተም ያሳርፍላችሁ፤ ይህን በደረሳችሁበት ቀን አስፈጽሙት፣ በምትመለሱበት ቀን ማኅተም ያዡ ላይኖር ይችላል። የአውቶቡስ ትኬት አትጣሉ። ቅድሚያ የወሰዳችሁት ገንዘብ ስማችሁ ላይ ተሰብሳቢ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እስክታወራርዱ ድረስ ዕዳ ነው፣ ብዙ ቤት ደግሞ የፊተኛውን ሳታወራርዱ ሌላ አይሰጥም። ሰኔ ላይ መስክ ከወጣችሁ በተመለሳችሁ ማግስት ሒሳብ ክፍል ግቡ። ሰኔ 30 ካለፈ ወረቀቱ ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገርና ለማወራረድ የሚያስፈልገው ደብዳቤ ይበዛል።